እግር ዝም ሲል

በዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የምንነጋገረው ሰው ቀጥ ብሎ እንዴት እንደሚቆም ነው። ከእግሩ ወደ አንጎሉ የሚሄደው መልእክት ሲቋረጥ ሚዛኑና አቋሙ ምን እንደሚሆንም እናያለን።

በብዙ ቤት የሚታይ ነገር አለ። ቀን ቀን ደህና የሚራመዱ አባት ማታ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዳሉ። እናት ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ወደ ፊት ሊደፉ ይደርሳሉ። ደጀ ሰላም ላይ ጫማ አውልቀው ሲገቡ ወለሉ ጥጥ ጥጥ ይላቸዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ «እርጅና ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ «ጉልበታቸው ደከመ» ይላል። ሰውየው ራሱም አምኖ ይቀበልና ከቤት መውጣት ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ግን የደከመው ጉልበቱ አይደለም። አጥንቱ አለ፣ ጡንቻውም አለ። የጠፋው እግሩ ያለበትን ሁኔታ ለአንጎል የሚያደርሰው ወሬ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ስንት ሰው በከንቱ ወድቆ እንደሚሰበር ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ዛሬ ጊዜ ወስደን የምንነጋገረውም ለዚህ ነው።

እስቲ አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ይህን የምታደርጉት ግን አጠገባችሁ ሊይዛችሁ የሚችል ሰው ካለ ብቻ ነው፤ ለብቻችሁ ከሆናችሁ ወይም ቀድሞውንም የመውደቅ ችግር ካለባችሁ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። ተነሡና ሁለቱን እግሮቻችሁን ግጠሙ። እጆቻችሁን ወደ ጎን ልቀቁ። ዓይናችሁ ክፍት ይሁን። አሁን ደግሞ ጨፍኑ።

ቁርጭምጭሚታችሁን ልብ በሉት። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ጎን ሲል ይሰማችኋል። ጤነኛ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን በመጠኑ ይወዛወዛል፤ አይወድቅም ግን። ዓይኑ ክፍት ሳለ ጸንቶ የቆመ ሰው በጨፈነ ጊዜ መቆም ካቃተው፣ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ከእግር የሚመጣው ስሜት መጎዳቱን ነው። ይህን ምልክት ለሕክምና ያስተዋወቁት የበርሊኑ ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1840 እስከ 1846 በታተመው የነርቭ በሽታዎች መጽሐፋቸው፣ የኅብለ ሠረሰራቸው የጀርባ ክፍል የተጎዳ ሕሙማን በጨለማና በጨፈኑ ጊዜ እንዴት እንደሚንገዳገዱ ገልጸዋል። የእነዚያ ሰዎች ሕመም ዛሬ እንደምናውቀው ሳይታከም ለዓመታት የቆየ ቂጥኝ የሚያመጣው ነበር። ፍተሻው ዛሬም በሮምበርግ ስም ይጠራል፤ ምንም መሣሪያ ስለማይጠይቅ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራ ይችላል። ዓይኑ ክፍት ሆኖም የሚንገዳገድ ሰው ችግሩ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በንዑስ አንጎል ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሁለቱን ለይቶ ያያል።

አሁን ተቀመጡ። ቀጥለን ወደ አሠራሩ እንግባ።

ዝም ብለን ቆምን ስንል ሰውነታችን ዝም አላለም። የክብደታችን መሐል የሚያርፈው ከቁርጭምጭሚታችን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው። ስለዚህ ምንጊዜም ወደ ፊት ልንደፋ እንላለን፤ ባታችን ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትተናል። ሰልፍ ላይ ስንቆምም ሆነ ቅዳሴ ስናስቀድስ ይህ መደፋትና መመለስ አያቋርጥም። እኛ አናውቀውም፤ አንጎላችንና ኅብለ ሠረሰራችን ግን ሥራ ላይ ናቸው። ባት መቼና ምን ያህል መጎተት እንዳለበት ለማወቅ ወሬ ያስፈልጋቸዋል፤ ወሬው የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። ከዓይን ይመጣል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ካለው የሚዛን ክፍል ይመጣል። ከቆዳ፣ ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከመገጣጠሚያ በሚነሡት የስሜት ነርቮች በኩልም ይመጣል።

ብዙ ሰው ሚዛን ሲባል የሚያስበው ጆሮን ነው። የሚዛን ተመራማሪዋ ፌይ ሆራክ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደጻፉት ግን፣ ጤነኛ ሰው በብርሃንና በጠንካራ መሬት ላይ ሲቆም ከሚተማመንበት መረጃ 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከስሜት ነርቮች ነው፤ 20 በመቶው ከጆሮ፣ 10 በመቶው ከዓይን። መሬቱ ሲለሰልስ ወይም ሲዘነበል ድርሻው ይቀያየራል። በተለመደው ኑሯችን ግን ትልቁን ሸክም የያዘው እግራችን ነው ማለት ነው።

እግር ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? በጡንቻው ሥጋ መሐል የተሸጎጡ ጥቃቅን መለኪያዎች አሉ። ጡንቻው ምን ያህል እንደተለጠጠና በምን ፍጥነት እየተለጠጠ እንደሆነ ይናገራሉ። ጅማት ላይ የተቀመጡት ደግሞ የጉተታውን ኃይል ይለካሉ። የውስጥ እግራችን ቆዳ ክብደታችን ወደ ተረከዝ ይሁን ወደ ጣት ማዘንበሉን ያውቃል። ሰውነት ሳያይ እጅና እግሩ የት እንዳሉ የሚያውቅበትን ይህን ስሜት እ.ኤ.አ. በ1906 ለይተው ስም የሰጡት እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን ናቸው፤ በነርቭ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ምርምርም በ1932 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህን ወሬ የሚሸከሙት ነርቮች ከሁሉ የወፈሩትና የፈጠኑት ናቸው፤ በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ያደርሳሉ። የሚያቃጥል ሕመምን የሚያመጡት ቀጫጭኖቹ ግን በሰከንድ 1 ሜትር አካባቢ ነው የሚጓዙት። ድንጋይ ሲያደናቅፈን መጀመሪያ መደናቀፋችንን አውቀን፣ ሕመሙ ቆየት ብሎ የሚመጣብን ለዚህ ነው። ሚዛን ግን መዘግየትን አይታገሥም። ወፍራሞቹ ነርቮች እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ ያለ የስብ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ሲላጥ ወይም ውስጡ ያለው ክር ራሱ ሲሞት መልእክቱ ይዘገያል፣ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም ይቀራል። የዘገየ ወሬ የሚያመጣው መልስም የዘገየ ነው። ሰውየው ብዙ ካዘነበለ በኋላ ባቱ ይደርስለታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከልክ በላይ ይጎትተውና ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። መንገዳገድ የምንለው ይህን ነው።

አቋሙም ይለወጣል። እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆማል። ጉልበቱን ትንሽ ያጥፋል። ቁርጭምጭሚቱን ከፊትም ከኋላም አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክመዋል፣ ባቱንም ያመዋል። ሲራመድ መሬት መንካቱን እርግጠኛ ለመሆን እግሩን ጠበቅ አድርጎ ይጥለዋል፤ ኮቴው ከሩቅ ይሰማል። ከሁሉ የሚታየው ግን አንገቱ ነው። እግሩ ያልነገረውን ዓይኑ እንዲነግረው ሁልጊዜ መሬት መሬት ያያል። አንገቱ ይሰበራል፣ ትከሻው ወደ ፊት ይመጣል። አላፊ አግዳሚው «ምን አሳዝኖት ነው ያቀረቀረው?» ይላል። መንገድ ላይ ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው ኮርቶ ወይም ተቀይሞ ላይሆን ይችላል፤ ዓይኑን ከእግሩ ላይ ቢያነሣ ይወድቃል።

ይህ ስሜት ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ከማንም በላይ ያሳየን ኢያን ዋተርማን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ ጀርዚ በምትባለው ደሴት በሥጋ ቆራጭነት ይሠራ ነበር። ጉንፋን የመሰለ ሕመም ያዘው። ከዚያ ሕመም ጋር የመጣው ነገር፣ ሐኪሞች እንደሚያስቡት የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ፣ ከአንገቱ በታች ያሉትን ወፍራም የስሜት ነርቮች አጠፋቸው። ከአንገቱ በታች ሲነኩት አይሰማውም፤ እጁና እግሩ የት እንዳሉ ካላየ አያውቅም። ሕመምና ሙቀት ግን ይሰሙት ነበር፤ ቀጫጭኖቹ ነርቮች ተርፈዋልና። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮችም ጤነኞች ነበሩ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ጡንቻው ሙሉ ጉልበት ነበረው፤ ሽባ አልነበረም። ሆኖም አልጋ ላይ ተነሥቶ መቀመጥ እንኳ አልቻለም። እጁን ሊያነሣ ሲያስብ እጁ ወዳላሰበበት ይሄድ ነበር። የጆሮው የሚዛን ክፍልም ደህና ነበር፤ ብቻውን ግን ሊያቆመው አልቻለም።

ኢያን ተስፋ አልቆረጠም። እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በዓይኑ እያየና በሐሳቡ እያቀደ እንደገና መማር ጀመረ። መጀመሪያ መቀመጥን፣ ከዚያ በእጁ መያዝን፣ ከዚያ መቆምን ተማረ። መራመድ የቻለው ከአንድ ዓመት በላይ ከፈጀ ልፋት በኋላ ነው። ኋላ ሥራ ይዞ፣ መኪና እየነዳ ኖሯል። ነርቮቹ ግን አልተመለሱም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሰውነቱ የት እንዳለ ስለሚጠፋበት ወለል ላይ ይወድቅ ነበር። ታሪኩን ጆናታን ኮል የተባሉት የነርቭ ሐኪም ለዓመታት አብረውት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ አሳትመውታል። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሚነግረን ነው። የስሜት ነርቭ ጉዳት ጉልበተኛውን ሰው ሊጥል ይችላል። የወደቀውም ሰው ወሬውን በሌላ መንገድ ካገኘ ሊነሣ ይችላል።

አቋምን በተመለከተ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተገኘ ነገር አለ። አርደም ፓታፑቲያን የተባሉት በሊባኖስ የተወለዱ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ንክኪንና የጡንቻ መለጠጥን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጠውን ፒዬዞ 2 የተባለ ፕሮቲን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ጁልየስ ጋር ተካፍለዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 አሜሪካ ውስጥ፣ ይህ ፕሮቲን ሲወለዱ ጀምሮ የማይሠራላቸው የ9 እና የ19 ዓመት ሁለት ሕሙማን ተመርምረው ነበር። ዓይናቸው ሲሸፈን መራመድ እጅግ ያቅታቸዋል። ሁለቱም አከርካሪያቸው ተጣምሞ ነበር። ለካ ጀርባችን ቀጥ ብሎ የሚያድገው አጥንት ስላለው ብቻ አይደለም። ጡንቻዎች በየቅጽበቱ «ወደ ግራ አዘነበልክ፣ ወደ ቀኝ አዘነበልክ» እያሉ ወሬ ስለሚልኩም ነው።

እንዲህ ያለው ሕመም እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው። በየሰፈራችን ያለው የስኳር በሽታ ነው።

ከእግር ጣት የሚነሣው የስሜት ነርቭ ሕዋስ ማደሪያው ወገብ አካባቢ፣ ከአከርካሪ አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ አውራ ጣት ጫፍ የሚደርሰው ክሩ 1 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሕዋሱ ይህን ሁሉ ክር መመገብና መጠገን አለበት። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ሲበዛ፣ ነርቩን ራሱንም ነርቩን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ቀድሞ የሚሞተው ከሁሉ የራቀው ጫፍ ነው። ስለዚህ ድንዛዜው ከሁለቱም እግር ጣቶች ይጀምርና ቀስ እያለ ካልሲ እንዳጠለቁ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶችም ይጀምራቸዋል። በጊዜ ብዛት ከስኳር ሕመምተኞች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ይህ የነርቭ ጉዳት ይደርስባቸዋል። አንዳንዱን ሌሊት ሌሊት ያቃጥለዋል፣ ይቆጠቁጠዋል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያመዋል። ሌላው ምንም አይሰማውም፤ የምፈራውም ለዚህኛው ነው። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲረግጠው ይውላል። ማታም በጨለማ ሲነሣ ይወድቃል። የቆሰለውና የወደቀው በአንድ ምክንያት መሆኑን ግን የሚነግረው የለም።

መልካሙ ወሬ ይህ ነው፦ በአሜሪካና በካናዳ በዓይነት አንድ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመው ትልቅ ጥናት፣ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዓይነት ሁለት ጥቅሙ ያን ያህል አይጎላም፤ ግን አለ። የተጎዳ ነርቭ ሲያገግም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ከወገብ እስከ ጣት ያለውን ርቀት አስቡት። ስለዚህ ጉዳቱን ቀድሞ ማቆም ይሻላል፤ በስድስት ወር ለውጥ አላየሁም ብሎ መድኃኒት መተውም ትልቅ ስሕተት ነው።

የእግር መደንዘዝ ሲነሣ የሥጋ ደዌን ማለፍ አይቻልም። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለአፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከልነት ተቋቁሞ፣ ለነርቭ የደነዘዘ እግር እንክብካቤ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። የሥጋ ደዌ ተሕዋሲ የሚወደው ቀዝቀዝ ያሉትን፣ ለቆዳ የቀረቡትን ነርቮች ነው። ስለዚህ ውስጥ እግር ይደነዝዛል፣ ቁስል አይታወቅም፤ ጥልቀት ውስጥ ያሉት የጡንቻ ነርቮች ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። እግሩ ፍጹም የደነዘዘ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ደህና ሲቆም ልታዩት የምትችሉት ለዚህ ነው። ሁሉም ድንዛዜ አንድ አይደለም፤ የትኛው ነርቭ እንደተነካ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው።

ሌሎቹን ምክንያቶች ፈጠን ብለን እንያቸው። አልኮል አብዝቶ ለዓመታት መጠጣት አለ። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች አሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዛይድ ቫይታሚን ቢ 6ን ስለሚያጎድል ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ሐኪሞች አብረው ቢ 6 የሚያዝዙት ለዚህ ነው፤ «ቫይታሚን ብቻ ናት» ብላችሁ አትተዉት። በሌላ በኩል ያው ቢ 6 ሲበዛ ራሱ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ በቀን 2 ግራምና ከዚያ በላይ ሲወስዱ የነበሩ ሰባት ሰዎች ሚዛናቸውን ስተው፣ ስሜታቸው ጠፍቶ ተገኝተዋል። ከውጭ በዘመድ የሚላክ የቫይታሚን ብልቃጥ በየቤቱ ስላለ፣ መጠኑን ሳታስነብቡ አትዋጡ።

ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ሲጎድል ነርቩንም የኅብለ ሠረሰርን የጀርባ ክፍልም ይጎዳል። ጿሚ አድማጮቻችን አትደንግጡ፤ ጉበት ቢ 12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል፣ ጾም ብቻውን ጤነኛውን ሰው እዚህ አያደርሰውም። ነገር ግን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት የሚወስዱ፣ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ የሚያዘወትሩ፣ በዚያ ላይ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምሱ ሰዎች ሐኪማቸው ቢ 12 እንዲመረምርላቸው ይጠይቁ። በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በኪኒን የሚታከም ነው።

አሁን ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል አንድ ፍተሻ ላስተምራችሁ። ኢፕስዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተጀመረ ነው፤ የሚያስፈልገው የሰው ጣት ብቻ ነው። አባትን ወይም እናትን አስተኟቸው፣ ካልሲያቸውን አውልቁላቸው፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። «ሲነካዎ ቀኝ ወይም ግራ ይበሉ» በሏቸው። በሌባ ጣታችሁ ጫፍ የእግር ጣታቸውን ጫፍ በስሱ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ንኩ። አትጫኑ፣ አትደብድቡ፣ አትኮርኩሩ። በሁለቱም እግር አውራ ጣትን፣ መካከለኛውን ጣትና ትንሿን ጣት ትነካላችሁ፤ በጠቅላላው ስድስት ቦታ ነው። አንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ንኩ፤ ካልተሰማቸው አትድገሙ። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሟቸው ስሜታቸው ተጎድቷል ማለት ስለሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። እዚያ በቀጭን የናይሎን ክርና በሚነዝር ሹካ መሰል ብረት ይበልጥ በጥራት ይፈተሻል።

ስሜቱ የተጎዳ ሰው እንዴት ይኑር? ስለ መቋሚያ ልጀምር። ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት የሚቆሙ ካህናት መቋሚያ መያዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ድካም ለማሳረፍ ነው ብለን እናስባለን። ነው። ግን ሌላም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጆን ጄካና ጄምስ ላክነር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የቆመ ሰው የጣቱን ጫፍ አንድ የማይነቃነቅ ነገር ላይ በስሱ ቢያሳርፍ፣ ከ100 ግራም ባነሰ ኃይል ቢሆንም መወዛወዙ በጣም እንደሚቀንስ አሳዩ። ያቺ ታህል ኃይል ሰውን ደግፋ ልታቆም አትችልም። የምትሰጠው ወሬ ነው። የእጅ ነርቭ ከእግር ነርቭ አጭር ስለሆነ የሚጎዳው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ እግር ያጣውን ወሬ እጅ በመቋሚያው በኩል ለአንጎል ያደርሳል።

ከዘራ መያዝ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ የስኳር ሕመምተኞች «አረጀ እባላለሁ» ይላሉ። እኔ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ከዘራውን ያዙት። ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ እጃችሁን ስትለቁ እጀታው የእጅ አንጓችሁ ላይ ይድረስ። ከዚያ ካጠረ ያጎብጣችኋል። ከዘራ የሌለው ሰው ግድግዳውን ወይም የልጁን ትከሻ በጣቱ ጫፍ መንካት ይበቃዋል፤ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ዳር ይዞ፣ ግድግዳ ጥግ መቆም ነውር የለውም።

ብርሃን አትንፈጉ። የእጅ ባትሪ ራስጌ ላይ፣ በጨለማ እጅ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ ከአልጋው እስከዚያ ያለው መንገድ ጄሪካንና ዕቃ የማይቀመጥበት ይሁን። ፊት መታጠብ ተቀምጦ፣ ወይም አንድ እጅ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ይሁን። በዓል ሲሆን የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ያማረ ነው፤ እግሩ ለማይሰማው ሰው ግን ደፉንና የወለሉን ጉድጓድ ይሸፍንበታል፣ ያንሸራትተዋል። ቄጤማው አይቅር፤ አባታችን የሚያልፉበትን መተላለፊያ ብቻ ተዉላቸው።

ጫማን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወፍራምና ለስላሳ ሶል ይመቻል ተብሎ ይገዛል፤ ነገር ግን የቀረችውን ጥቂት ስሜት ይሸፍናል። ለሚዛን የሚሻለው ጠንከር ያለ፣ ያልወፈረ፣ ተረከዙ አጭር፣ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ ነው። እግራቸው ላይ ቁስል ላለባቸው ወይም ለነበረባቸው ግን ጫማውን ባለሙያ ይምረጥላቸው። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ጫማውን ከማጥለቁ በፊት እጁን ከትቶ ይፈትሸው።

አካልን ማለማመድም ይጠቅማል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኛችሁ እሱ ያስተምራችሁ። ከሌለ ጠረጴዛ ወይም የአልጋ ራስጌ ይዛችሁ፣ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ፣ በአንድ እግር ጥቂት ሰከንድ መቆም፣ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ፣ በጣት ቆሞ መውረድ። የሞተውን ነርቭ አያስነሣም። አንጎል ግን ከዓይን፣ ከጆሮና ከተረፉት ነርቮች የሚመጣውን ወሬ አጥብቆ መስማት ይለምዳል፤ ባትና ጭንም ይበረታሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እስካሁን የተናገርነው በወራትና በዓመታት ስለሚመጣ ጉዳት ነው። ድንዛዜውና ድካሙ ከእግር ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ ወይም ድንገት በአንድ ወገን ብቻ ከደነዘዘ፣ ነገን አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ሌላው ሁሉ ግን በቀጠሮ የሚታይ ነው፤ ስትሄዱም ችግራችሁን ለይታችሁ ንገሩ። ብዙ ሰው «ያዞረኛል» ይላል፤ ሐኪሙም የደም ግፊት ለክቶ ወይም የጆሮ መድኃኒት አዝዞ ይመልሰዋል። የሚዞረው ራሳችሁ ነው ወይስ መሬቱ ነው የማይሰማችሁ? የምትንገዳገዱት ቀን ነው ወይስ በጨለማ? ስትታጠቡስ? ይህን በግልጽ ተናገሩ። የምትወስዱትን መድኃኒትና ቫይታሚን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ካልሲያችሁን ሳያስወልቁ ሊሸኟችሁ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አውልቁና «እባክዎ፣ እግሬን ይዩልኝ» በሉ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ደነዘዘ እግር ቁስል አጠባበቅ እንቀጥላለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።